ማስተዋል ያልጾመችው ፍልሰታ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ዛሬም ማስተዋል ዋሸችኝ። ቁርሴን በልቻለሁ አለች። ከስፌት መኪናዋ ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ልደፋው ሳነሣው ከበደኝ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። የሰሞኑም አለ፤ ሻግቷል።

ጮኽኩባት። «እኔን ነው የምታታልዪኝ?» አልኳት።  የልብስ ሜትሯን በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች።

አሁን እሷ መኝታ ቤት ናት፣ እኔ ሳሎን። ዶክተር ሰናይት «ሲከፋህ ጻፈው፤ እሷ ላይ አታውርደው» ስላሉኝ ነው ደብተር የገዛሁት። ዛሬ ግን መጀመሪያ አወረድኩት፣ ከዚያ ጻፍኩት።

ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። መጀመሪያ ጾም አበዛች፤ ሰው ሁሉ አመሰገናት። ቀስ በቀስ በፍስኩም መብላት ተወች። ሥጋው ቀረ፣ ቅቤው ቀረ፣ ራቱ ቀረ። አጥንቷ እየወጣ «ወፈርኩ» ትለኛለች። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በምሠራበት በአምበር ገጠር የታመመ በሬ ከሩቅ እለያለሁ። ሚስቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ስትመነምን ግን «ብርቱ ጿሚ ናት» ብዬ ዝም አልኩ። መጋቢት ላይ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች መኪናው ላይ ተደፋች። ሐኪም ቤት ስትተኛ ነው በሽታው አኖሬክሲያ እንደሚባል የሰማነው።

ከወጣች በኋላ ዶክተሯ ክትትሉ ላይ እኔም እንድገባ ጠየቁ። የታመመችው እሷ፣ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው ብዬ ነበር። «ሕፃን አይደለችም፤ እናቷ መጥተው አያበሏትም። በየቀኑ ማዕድ የምትቀርበው ካንተ ጋር ነው» አሉኝ። የታዘዝኩት ይኼ ነው፦

አብሬያት መብላት።
«በሞቴ» አለማለት፤ ጉርሻ አለማስገደድ።
ስለ ሰውነቷ ምንም አለማውራት፣ ለማመስገንም ቢሆን።
ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብሬያት መቀመጥ።
አለመቆጣት።

የመጨረሻውን ዛሬ አፈረስኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 28

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ይቅርታውም እንደ ቁጣ ሳይመስል አልቀረም። ሣቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከዚያ አወራችኝ። «ስበላ ዓይንህ እጄ ላይ ነው። ስንት እንደጎረስኩ ትቆጥራለህ። ያኔ አንተ ባሌ መሆንህ ይጠፋኛል፤ እንደ ፈታኝ ነው የምታስፈራኝ።» እውነቷን ነው። እቆጥር ነበር። ትናንት ስድስት፣ ከትናንት ወዲያ ዘጠኝ።

ተስማማን። እኔ አልቆጥርም። እሷ ክፉም ቢሆን እውነቱን ትነግረኛለች።

ማታ ሽሮ በላን። ግማሽ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። «ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ልደብቀውም አስቤ ነበር» አለች። ያልተበላ ምግብ ፊቴ ተቀምጦ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 29

ጠዋት አምበር። መኖ እንቢ ያለች ላም አሳዩኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰውዬ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው አንገቷን ይዳብሳሉ። «ብቻዋን ስትሆን ጭራሽ አትነካውም» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ነገራቸው ከጆሮዬ አልጠፋም። ማስተዋል ከላም ጋር እንዳወዳደርኳት ብታውቅ ቤት አታስገባኝም።

ከሰዓት ሐኪም ቤት ገባን። ሚዛኑ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትወጣው፤ ቁጥሩን የሚያዩት ዶክተሯ ብቻ ናቸው። «መንገዱን ይዘነዋል» አሉ። ደስታዬ አልቆየም። ማስተዋል «ረቡዕ ፍልሰታ ይገባል፤ እጾማለሁ» አለች። ዶክተሯ አይሆንም አሏት። ልቧ እንዳልጠነከረ፣ ገና ከአደጋ እንዳልወጣች ነገሯት። ስንወጣ ግን «እጾማለሁ» ብላ ደገመችው።

ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ከጾመች የአራት ወር ልፋታችን ገደል ገባ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 30

ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ቀረሁና የንስሐ አባታችን አባ ኪዳኔ ዘንድ ሄድን። እኔ ሁሉንም ልናገር አስቤ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«አባቴ፣ ሕፃናት የሚጾሙትን ጾም እኔ እንዴት አድርጌ ልተው?»

 መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ስትጾሚ ልብሽ ያርፋል ወይስ ይጨነቃል?»

«ይጨነቃል፣ አባቴ።»

«ጾም ባልሆነ ጊዜስ መብላት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ይኼ በሽታ የጾም ቀሚስ ለብሶ መጥቶብሻል። ፈትቼሻለሁ። ወተቱንም እንቁላሉንም በጠዋት ብዪ። የዘንድሮ ጾምሽ መታዘዝ ነው።»

አለቀሰች። እኔም ብቻዋን መብላት እንደሚከብዳት ነገርኳቸው። «አንተም አብረሃት ብላ። ጾሙን በስግደት ትክሰዋለህ» ብለው ፈገግ አሉ። ሸክም የወረደልኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

አመሻሽ ላይ እናቴ ከይጁቤ መጣች። ቅበላውን አብረን ልናደርግ፣ ፍልሰታንም እዚህ ልታስቀድስ ነው። ቅቤና እርጎ ይዛለች። ራት ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ፣ ልጄ» ብላ ዘረጋች። ማስተዋል ደረቀች።

«እማዬ፣ በሞቴ አይባልም በዚህ ቤት» አልኳት።

እናቴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰችው። «በልጄ ቤት አፌ ተዘጋ» አለች። ተቀይማ ተኛች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷን ማስከፋት ግድ ሆነብኝ። ማስተዋል ዛሬ ማታ የበላችው ጥቂት ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 1

ይቺን ቀን እንዳልረሳት በዝርዝር ልጻፋት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ዳቦ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ ትኩስ ወተት። ለእሷም ለእኔም እኩል። በመንገዱ ነጠላ ያጣፋ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። መስኮቱን ልዝጋው ስል «ተወው» አለችኝ።

እናቴ ለብሳ ወጣችና ማዕዱን አየች። «ምንድን ነው የማየው? በፍልሰታ መግቢያ፣ በጠዋቱ፣ እንቁላል?»

አፌን ከፈትኩ። ማስተዋል ግን እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«እማማ፣ ታምሜ ነው። ያከሳኝ ጾም አይደለም፤ መብላት የሚያስፈራ በሽታ ይዞኛል። ይኼ መድኃኒቴ ነው። ሐኪሜም አባ ኪዳኔም አዘውልኛል። ልጅዎም ለእኔ ብሎ ነው የሚበላው። እባክዎ ይቀመጡ፣ አጠገቤ ይሁኑልኝ። በሞቴ ብቻ አይበሉኝ።»

በሽታዋን ለሰው ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አይ አንች ልጅ» አለች። «እኔ እኮ ጽድቅ መስሎኝ ለይጁቤ ሰው ሁሉ ሳወራልሽ ነበር።» እንባዋ ወረደ።

አንድ ሰዓት ፈጀብን። ወተቱ ሰፈፈ፣ እንቁላሉ በረደ። ማስተዋል ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እናቴ ስለ ገብሷ፣ በረዶ ስለመታው ባቄላዋ፣ ስለ ጎረቤቷ ክስ አወራች፤ ስለ ምግብ ቃል አልወጣትም። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ማስተዋል ጨረሰች። ሁሉንም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ክፉ ቀን። ከምሳ በኋላ ሆዷን ይዛ ተነሣች። «ልውጣ፣ ልሂድ፣ ዝም ብዬ ልራመድ» ትላለች። ውጪው ዶፍ ነው። ቀድሞ ከበላች በኋላ እስክትዝል ትመላለስ እንደነበር አውቃለሁ። በሩ ላይ ልቆም ብዬ ተውኩት። «ምን ላድርግልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አታውራኝ። ያዘኝ ብቻ።»

መደቡ ላይ ተቀምጠን ያዝኳት።  ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። ቆይታ ራሷ ነገረችኝ፦ ውስጧ ያለው ድምፅ «ተሸነፍሽ» ይላታል። እኔ ያን ድምፅ ልሰድበው ፈለግሁ፤ ግን አታውራኝ ብላኛለች። ሥራ ሳልመለስ ቀረሁ።

በመካከሉ ጎረቤታችን መጥታ በጠዋት የእንቁላል ሽታ እንደሸተታት በነገር አነሣች። እናቴ በር ላይ ሆና ስትመልስላት ሰማሁ። «ምራቴ መድኃኒት ላይ ናት። ስታስቀድሺ በጸሎት አስቢያት።» ሴትዮዋ ሄደች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

በጎች ስንከትብ ዋልን። እጄ በጭቃ ተለውሶ ሳለ ስልኬ ጠራ። ማስተዋል ናት። «ምሳዬን በላሁ። አንተ ሳትኖር። እማማ ሲያስቀድሱ ውለው ስለገቡ እሳቸውም ከኔ ጋር ጾማቸውን ፈቱ» አለችኝ።

ምን ያህል እንደበላች አልጠየቅኋትም። ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

የሰፋችውን ቀሚስ ለደንበኛዋ ልታደርስ ሉማሜ ሄድን። ቀሚሱ ልክ ሆነ፤ ሴትዮዋ መረቀቻት። መመለሻ አውቶቡስ ስንጠብቅ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«ራበኝ» አለች።

የሰማሁት እውነት አልመሰለኝም። ደገመችው። ከታመመች ወዲህ ይኼ ቃል ከአፏ አልወጣም። ምግብ በሰዓት ነው የምትበላው፣ እንደ ክኒን።

መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት ገባን። ሾፌሮች፣ ገበያተኞች፣ ጭቃ ቦቲ የተጫሙ ገበሬዎች ሞልተውታል። ባዕድ ሰው ፊት ከበላች ዓመት አልፏታል። ጥግ ልፈልግላት ስል መካከል ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። አስተናጋጇን ራሷ ጠርታ «ሁለት የጾም ፍርፍር፣ ሁለት ሻይ» አለች። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ፤ አውቶቡሶቹን ሳይ ቆየሁ።

«ጨው አንሶታል» አለች ድንገት። «አንተስ ጋ?»

ቀመስኩ። አንሶታል። አስተናጋጇን ጠርታ ጨው አስመጣች፣ ነሰነሰች፣ ቀጠለች። ሚስቴ ስለ ምግብ ጣዕም አማረረች! ብቻዬን ሣቅሁ። «ምን ያሥቅሃል?» አለችኝ። እኔም ጨው ነሰነስኩ።

ሰኞ ቀጠሮ አለን። ሚዛኑ ምን እንደሚል አላውቅም። ሐሙስን የመሰለ ቀን እንደሚመለስም አውቃለሁ፤ ዶክተሯ አልደበቁንም። አሁን እኔ ስጽፍ እሷ ጓዳ ከእናቴ ጋር ስለ ነገ ቁርስ እየተከራከረች ነው። እናቴ ጨጨብሳ ትላለች፣ እሷ ገንፎ። ማስተዋል እያሸነፈች ይመስለኛል።