የሎርና ልጅ ቅጠል

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16፣ ሂልቶፕ፣ ኮሎምበስ

ቅናት ይዞኛል። እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግራለሁ?

ዛሬ በምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም አንዲት አሮጊት ከአልጋ ስናነሳ ትከሻዬን ያዘኝ። አብራኝ የምትሠራው ሎርና ፊሊፒናዊት ናት። ልጇ ከሥራ ልትወስዳት መጥታ ሲያመኝ ስታይ ማረፊያችን ብሬክ ሩም አስቀመጠችኝና ከቦርሳዋ የሙዝ ቅጠል አውጥታ፣ ዘይት ቀብታ ትከሻዬ ላይ ጎተተች። ቅጠሉ ሸርተት ሸርተት እያለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጥብቅ አለ። "ሕመሙ እዚህ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ አሸችኝ፤ ለቀቀኝም።

ሎርና ኩራቷ! ድሮ አገራቸውን የገዙት ስፔኖች እንዲህ የሚያሹትን ሴቶች ጠንቋይ ብለው አሳፈሯቸው፤ ኀፍረቱ እየተወረሰ መጥቶ የሎርና እናትም አፍራ ተወችው። ልጅቷ ግን እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ፣ አገራቸው ካሉ አሮጊቶች በቪዲዮ ኮል ተማረችው።

የእኔም እናት እኮ ወጌሻ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ እጇን ያምን ነበር። ማንም መጥቶ አልከለከለንም። እኔው ነኝ ሳልጠይቃት የቀረሁት።

የተረፈውን ቅጠል ይዤ ቤት ገባሁ። ልጄን ሳራን ነይ ብዬ ጀርባዋ ላይ ጎተትኩላት። ስልኳን አስቀመጠች።

"ማም፣ ግራንድማ እንዲህ ነበር የምታደርገው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

"አዎ" አልኳት።

እናቴ በቅቤ ነበር የምታሸው። ቅጠል ይዛ አይቻት አላውቅም።

"አስተምሪኛ" አለች ሳራ። ይሄን በአማርኛ።

ነገ ሎርናን በምን ዓይኔ ላያት ነው? ሌላ ቅጠል ደግሞ ያስፈልገኛል።