ለሚጠባ ሕፃን ጾም ላዘዙት ዶቶሬ

ለክቡር ዶቶሬ፣ የጣሊያን ጦር ሐኪምና የራጁ ካሚዮን አለቃ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤና በካሚዮን ተጭኖ ከእናንተ ጋር እንደሚዞር ሰምተናልና ለራስዎ እንዳይጎድልዎ እለምናለሁ። ከዳዊት ያላለፍሁ ሽማግሌ ነኝና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። የሞላሌ ሰውም እንዲሰማው በገበያ ቀን አስነብበዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ለብቻ አይበላም።

አንደኛ፣ ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ። ዱር የገባውን አማቼን ፍለጋ ቤቴን የበረበሩት ወታደሮችዎ ዱቄቱን ደፍተው፣ መደቡን ቆፍረው፣ ሰውዬውን ሲያጡት ካንዱ ኮት የተበጠሰ የናስ ቁልፍ ትተውልን ወጡ። የልጄ የተናኘወርቅ ልጅ፣ ገና መዳህ የጀመረው ዓምደሚካኤል፣ አንሥቶ ዋጠው። ጉሮሮው ላይ ተቀረቀረና የናቱ ወተት ጠብታ ጠብታ ብቻ ይወርድለት ጀመር።

ሁለተኛ፣ ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያየው መሣሪያዎ ለቁስለኞቻችሁ ወደ መሐል ሜዳ ሲመጣ ልጃችንንም ለማየት ስለ ፈቀዱ አመሰግናለሁ። እንዴት አሰናድተን እንደምናመጣው በአስተርጓሚው በፈለቀ አፍ ሰማን፤ የብር መስቀሉ ካንገቱ ይውጣ፣ እንዳይወራጭ ይጠቅለል፣ ከንጋት ጀምሮ ጡት አይቅመስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ። መስቀሉን አወጣን። ማተቡን ግን፣ ክር ብረት አይደለምና፣ አልበጠስሁም። የከበደን ጾሙ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ ልጅን እስከ ሰባት ዓመቱ ጹም አትለውም። ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት መባሉ ልባችንን አሳረፈው፤ እኛም ጾም የምንፈታው በዚያው ሰዓት ነውና፣ ፈረንጁ ሥርዓታችንን አወቀ ብዬ፣ እግዜር ይይልኝ፣ መረቅሁዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ መቀመጫችን። ከዘመድ ቤት አድረን ገና ሲነጋ ከካሚዮንዎ ፊት ለፊት ከድንጋይ ካቡ ሥር ከሌላው ባለጉዳይ መካከል ተቀመጥን። በሩ ክፍት ነበር። እርስዎም በነጭ ልብስዎ ብቅ ብለው ሰዓትዎን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሰዓት አክባሪ ሰው ነው አልሁ። ልጁ የናቱን ቀሚስ በአፉ ይዳብሳል።

«አባዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጠብታ ላርጥበው» አለችኝ።

«የሐኪም ትእዛዝ አታፍርሺ፤ ጥላው ገና ነው» አልኋት።

የወተቱ ሽታ እንዳይደርሰው ለእኔ አሳቅፋኝ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ካሚዮኑ ተነሥቶ ሄደ። ለዘጠኝ ይመለሳል ብለን ጠበቅን። ጥላው ዘጠኝ ሰዓት ሲል የሰፈሩ ዘበኛ መጣና «አዬ ሽማግሌው! የነሱ ዘጠኝ እኮ የኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጧት አለፈ!» ብሎ ሳቀ። ኋላ ልጁን አየና ሳቁን ዋጠ። ለካ ፈለቀ ቁጥሩን ተርጉሞ ፀሐዩን ሳይተረጉም ቀርቷል።

ተናኘወርቅ ጡቷን ሰጠችው። አፉን ከፈተ፤ ለመሳብ ግን ጉልበት አልነበረውም። ሞላሌን ሳናይ፣ መንገድ ላይ፣ እቅፌ ውስጥ ዐረፈ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተወሁት። ብቻ ፈለቀ እንደነገረኝ፣ ያን ለት «እነዚህ ሰዎች ለገዛ ልጃቸው እንኳ አይመጡም» ብለው አዝነዋል አሉ። መጥቶ ነበር፣ ክቡር ሆይ። እንዳዘዙት ተጠቅልሎ፣ እንዳዘዙት ጾሞ፣ ድምፅዎ በሚሰማበት ቦታ ነበር።

ይህን አንብበው ቢቆጡ ወታደሮችዎ ደጄን ያውቁታልና መንገድ አይጠፋቸውም። ሚስቴን ቀብሬ፣ የልጅ ልጄን ቀብሬ፣ ከእንግዲህ የምታስፈራሩኝ በምን እንደሆነ እያሰብሁ፣ ለታላቁ እውቀትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቅጣው ወልደ አማኑኤል
ከሞላሌ

የረሳሁት፦ የተናኘወርቅ ጡት የልጁን መሞት ገና አልሰማም፤ እሱ በሚጠባበት ጊዜ ሁሉ እየሞላ ቀሚሷን ያርሰዋል። ማድረቂያ መድኃኒት ካለዎት ይላኩልን። የሚወሰድበትን ጊዜ ግን በአስተርጓሚ አይንገሩን፤ ራስዎ መጥተው፣ ፀሐይዋን በጣትዎ ያሳዩን።