ቀጭኑ ክር የተኛበት ሳምንት

ሐሙስ

በማይክ ሰደበኝ። በልምምድ አዳራሽ፣ በሰው ፊት፣ የሙሽራው አባት ቁጭ ብለው እየሰሙ። ደሳለኝ ነው፣ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች። «ወፍራሙን ክር ስነካው ይጮኻል፣ ቀጭኑን ስነካው ይተኛል። እትዬ ያከራዩን ጊታር ነው ማገዶ?» አለ። ሳቁ።

የባንዱ አለቃ አበጀ ግን አልሳቀም። «እሑድ ሮብ ገበያ ከተማ ያለብን ሰርግ ቀልድ አይደለም፣ እትዬ። እስከዚያ ካልተስተካከለ ከላይኛው ሱቅ እከራያለሁ። የቀሩትንም ሰርጎች ጭምር።»

ጊታሩን ይዤ ወጣሁ። ተናድጄ ስናገር እንደምከስር አውቃለሁ።

ዓርብ

ጊታሩን ከስፒከሩ የሚያገናኘውን ገመድ ቀየርኩ። ስፒከር ቀየርኩ። ያው ነው። ችግሩ ጊታሩ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ከጾሙ በፊት ለደሳለኝ ሳስረክብ አራቱም ክር እኩል ይሰማ ነበር።

ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚይዝ ማግኔት አለ። በእሱና በወፍራሙ ክር መካከል አንድ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ጭንቅ ብሎ ገባ። በቀጭኑ በኩል ሦስት ደርቤም ክፍተት ተረፈ። ማን ነው ቀጭኑን ክር እንዲህ የሰቀለው?

ለደሳለኝ ደወልኩለት። «ጾሙ ሲገባ ክሮቹን አላልቼ አስቀመጥኩት። አባቴ ክራሩን እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማው።

ክራር ነው እንዴ! የጊታር አንገት ውስጡ ብረት አለው፤ ክሩ ካልጎተተው ብረቱ አንገቱን ወደ ኋላ ይለምጠዋል። ለፋሲካ መልሶ ሲወጥረው ቀጫጭኖቹ አንገቱን እየነኩ ተንጫጩበት። ብሎን አዙሮ ከፍ አደረጋቸው። ከማግኔቱ ራቁ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ማገዶ የተባለው ግን የእኔ ዕቃ!

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ክሩ ሲጎትተው ሰንብቶ አንገቱ ተመልሷል። ቀጫጭኖቹን ዝቅ አደረግኋቸው፤ አልተንጫጩም። ወፍራሙ አሁንም ያይላል። ካቻቢቴ አመጣሁ። ማግኔቱን በወፍራሙ በኩል ዝቅ፣ በቀጭኑ በኩል ከፍ። ብሎኑን ትንሽ አዙሬ ክሩን መታሁ። ደግሞ አዙሬ መታሁ። አንዴ አበዛሁትና ወፍራሙ ጭራሽ ሞተ፤ መለስኩት። ደንበኛ መጥቶ «ዘፋኝ ሆኑ እንዴ?» አለኝ። ብሎኑን ማዞሬን ቀጠልኩ። ምሳም አልበላሁም።

ከሰዓት በኋላ አራቱም እኩል ሆኑ። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው «ማገዶ» ማለቱ ትዝ አለኝ፤ ሳቄ ጠፋ።

እሑድ

ሮብ ገበያ። ብርዱ ከባድ፣ እስክስታው ግን ድንኳኑን ሊነቅለው። ቀጭኑ ክር ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ደሳለኝ በእረፍቱ ከመድረክ ወርዶ በጆሮዬ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለኝ።

«ስትሰድበኝ በማይክ ነበር» አልኩት።

ቀላ። ተመልሶ ወጣና በማይክ፣ «ጊታሩ የእትዬ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» አለ። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ፣ ምኑም ሳይገባቸው። የሙሽራው አባት ግን ገብቷቸዋል፤ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አበጀ ወዲያው መጣ። «የቀሩትን ሰርጎችም በእርስዎ ዕቃ እንጫወት» አለ። ነገ ሱቅ ና አልኩት። ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ እንዲህ ሆኜ የኪራይ ዋጋ አልናገርም።