ከአፍ ወደ አፍ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ሜኮንግ ወንዝ ዘንድሮ እስከ ጓሯችን ደረሰ ወይስ ማረን? አባዬ ጀልባውን ቀለም ቀባ ወይስ ዛሬም «ነገ» ይላል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ከዓርብ ጀምሮ የበላሁት አልረጋልኝም። ሩዝ ሳይ ወደላይ ይለኛል።

ቤቱ አልተስማማትም ብለሽ እንዳታስቢ። ባንኮክን አንቺው ታውቂያታለሽ። ከመስኮታችን ሥር ያለው ቦይ የማይሸከመው ቆሻሻ የለም፤ ባለፈው ያበጠ የሞተ ውሻ ይዞ ሲያልፍ ቁርስ እየበላን ነበር። አብራኝ የምትኖረው ኦራታይ ከካምቦዲያ ድንበር፣ ሱሪን ከሚባል አገር የመጣች ልጅ ናት። ደግ ናት፤ ግን ካልሲዋን የምታጥበው ሩዝ በምንቀቅልበት ድስት ነው። ስቆጣት «በሳሙና'ኮ ነው ያጠብኩት፣ ምን ሆንሽ አንቺ?» ትለኛለች። ላኦስ ውስጥ የተብላላ ዓሣ ማሰሮ ዳር ላደግን ሰዎች ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ያልቻልኩት ሌላ ነው።

ስትሸኚኝ ያስያዝሽኝ ጥቅል ነበር፤ «ሳትከፍቺ ለሲኒየሮቹ በእጅሽ ስጪ፣ ይወዱሻል» ያልሽኝ። ዓርብ ከሰዓት ለፍሬሽ አቀባበል ስንጠራ ይዤው ሄድኩ። የሦስተኛ ዓመቶቹ አለቃ ጋሽ ክሪት (በዓመትም ቢሆን የሚበልጠንን ሁሉ ጋሼ፣ እትዬ ካላልን እንደሚጮህብን መቼም አይጠፋሽም) ጥቅሉን ሲያይ «መጣ! የላኦዋ ዕቃ መጣ!» ብሎ ጨፈረ። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

አዳራሹን ዘግተው፣ አንገታችንን አስደፍተው ጮኹብን። «አይሰማም! ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» ይላል አንዱ። ስሜን ስናገር በአነጋገሬ አወቁኝና አንዷ ሲኒየር «አንቺ ላኦ፣ ወንዙን በዋና ነው ወይስ በጎሽ ጀርባ የተሻገርሽው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ በረድፍ አቆሙንና ክሪት ካመጣሁት ጥቅል ያወጣትን አንዲት ከረሜላ በትሪ አምጥቶ መጠቅለያዋን ፈታ። ቅጠሉ መሬት ወደቀ። የሙዝ ቅጠል፣ ጫፉ ሁለቴ ዞሮ በእማዬ አስተሳሰር የታሰረ። የእማዬ ጎምዛዛ የሁመር ፍሬ ከረሜላ ነበረች፣ እታለም።

የመጀመሪያው ልጅ ጎረሳት፤ በእጅ መንካት ክልክል ነውና ከአፉ ወደ ቀጣዩ አፍ አቀበላት። እንዲህ እየተባለ ረድፉን ልትዞር ነው። እኔን ጎትተው መጨረሻ አቆሙኝ። «የክብር ቦታሽ ነው፤ የመጨረሻው ይውጣታል» አለኝ ክሪት። ከእኔ በፊት የቆመው ታኔት የሚባል ጉንፋን የያዘው ልጅ ነው። ንፍጡን በክንዱ ይጠርጋል፣ የቀረውን መልሶ ይስበዋል። ከረሜላዋ እሱ ጋ ስትደርስ ሁመሩም ስኳሩም አልቆ ፍሬዋ ብቻ ቀርታለች፤ የዚያ ሁሉ ሰው ለሃጭ ይጎተትባታል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «ይቅርታ» አለኝ። ትንፋሹ እስካሁን ፊቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ጥርሴን ነክሼ አልከፍትም ስል፣ ክሪት ጎንበስ ብሎ ከበፊተኞቹ የሰማውን እንደ ተረት አጫወተኝ። በአንቺ ጊዜ ሲኒየሮቹ «እስቲ የላኦ ምግብ እንይ» ብለው ሻንጣሽን ሲበረብሩ ከረሜላዋን እንዳገኟት፣ እየተሳለቁ ከአፍ ወደ አፍ እንዳዞሯት፣ የረድፉ መጨረሻም አንቺ እንደነበርሽ። «እያለቀሰች ዋጠች አሉ፤ አፏን ከፍታም አሳየች። በሦስተኛ ዓመቷ ግን ትሪውን የያዘችው እሷ ናት። ይኸው እስከዛሬ በየዓመቱ ትልክልናለች። አንቺ ከእሷ ትበልጫለሽ?» አለኝ።

እማዬን «ቤታቸው ለናፈቃቸው ልጆች ነው» ብለሽ ነው የምታሠሪያት። በዚያ ጉልበቷ እሳት ዳር ቁጭ ብላ የምታማስለው ለእነሱ ብላ ነው። ተጠየፍኩሽ። ፀጉሬን ጎንጉነሽ ያሳደግሽኝ እህቴ ነሽ፣ ግን ተጠየፍኩሽ። የደረሰብሽን ስሰማ አዘንኩልሽ። ወዲያው ደግሞ እያወቅሽ እኔኑ አሸክመሽ መላክሽ ሲገባኝ፣ ከታኔት ለሃጭ ይልቅ እሱ ቀፈፈኝ።

የተጠየፍኩት አንቺን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አፌን ከፍቼ ዋጥኳት። አጨበጨቡልኝ። በሩን ከፈቱት፣ ይቅር በሉን አሉ፣ እየተላቀስን ተቃቀፍን። እንደኛው አገር የእጄ አንጓ ላይ ነጭ ክር አስረው መረቁኝ። ያቺ በጎሽ ያላገጠችብኝ የተጠበሰ ዶሮዋን አካፈለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ላኦ» የሚለኝ የለም፤ በስሜ ይጠሩኛል፣ ምሳ ስንበላ ቦታ ይይዙልኛል። እና ደስ አለኝ! የሚዘገንነኝ ይኼው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸው ወሰደኝ። አፌን በጨው ውሃ ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ፤ ክሩን ግን አልፈታሁትም።

ነገ ዘግይተው የተመዘገቡትን ይቀበላሉ። ገና ፍሬሽ ብሆንም እንደ አንቺ ትሪውን እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ኦራታይ ከአዲሶቹ አንዷ ናት፤ እቤቷ የሚነገረው ክመር ስለሆነ መጨረሻ ሊያቆሟት ተስማምተዋል። ዛሬ ጠዋት ሸሚዟን እየተኮሰች «አንቺ አይተሽዋል፤ ምንድን ነው የሚያደርጉን? ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ። «ኧረ ጨዋታ ነው» አልኳት። አመነችኝ። እያንጎራጎረች መተኮሷን ቀጠለች።

ይህን ሁሉ ለአንቺ ልጽፍ ተቀመጥኩ እንጂ፣ መስማት ያለባት ልጅ እዚሁ አጠገቤ ጥፍሯን እየቆረጠች ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ከመግባቱ በፊት ለእሷ ይነበብላታል። ለሌሎቹም ትንገራቸው። ነገሩ ከእኔ እንደወጣ ሲታወቅ እዚህ ግቢ ሰላም የሚለኝ አይኖርም፤ ዲግሪዬን ብቻዬን በልቼ፣ ብቻዬን አጥንቼ ነው የምይዘው። ትሪውን የሚይዝላቸው ሌላ ይፈልጉ። እማዬ ከእንግዲህ ሁመር እንዳታፈላ ምክንያት ፈልጊላት፤ ውሸት መቼም አይቸግርሽም።

ጉልበቷን በሙቅ ውሃ እሺልኝ። የአባዬን መንገድ የወንዙ ጠባቂ መንፈስ ይጠብቅልን፤ ቤታችንን ሰላም ያድርግልን። አንቺን ለጊዜው አልስምሽም። ያቺን ረድፉ መጨረሻ ላይ ቆማ ያለቀሰችውን ልጅ ግን ሳሚልኝ። እሷን አልተጠየፍኳትም።

ታናሽ እህትሽ