እናቴን በአርባ ሰዓት ለወሰደብኝ ኮርስ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ኮርስ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ የሚጠጡት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እናቴ ደግሞ በላኩልን ተማሪ ምክንያት ከሚገባው በላይ ደህና ሆና ሰንብታ ነበር፤ አቤቱታዬም የሚነሳው ከዚሁ ከደህንነቷ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ በዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። የኮርስዎ ቅጽ «የአስተናጋጅ ቤተሰብ አስተያየት» በሚለው ሥር የተወልኝ ቦታ አራት መስመር ብቻ ሲሆን፣ የእኔን ቅናት ደግሞ አራት መስመር አይበቃውም። አዎ፣ ቅናት ነው ያልኩት። በሃምሳ አንድ ዓመቴ በአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ድብን ብዬ ቀንቻለሁ።

እኔ ከዚሁ የኋላ በር ሁለት መታጠፊያ ወረድ ብሎ፣ በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ስትሆን፣ ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ የሚለየን አንድ ስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። በእነዚህ ስድስት ዓመታት አጥቤያታለሁ፣ አብልቻታለሁ፣ አንሶላዋን ቀይሬያለሁ፣ ጥፍሯን ቆርጫለሁ፣ ኪኒኗን አንድም ቀን ሳላሳልፍ በሰዓቱ ሰጥቻታለሁ። ለዚህ ሁሉ ዲግሪ እንደሚሰጥበት ግን እርስዎ እስኪመጡ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አቤቱታዎቼን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር እንደሚወደድ ከቅጾቻችሁ ብዛት ተረድቻለሁና።

አንደኛ፦ «ተማሪ ለአርባ ሰዓት ታገለግላችኋለች» የሚለው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ፣ እኔ ሞኟ አገልግሎት ማለት ሥራ መስሎኝ ነበር። ለመጀመሪያው ማክሰኞ መጋረጃውን ሁሉ አውርጄ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ ሞልቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ጠበቅኳት። ልጅቷ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ በሁለቱ ባልዲዎች መካከል እንደ እንግዳ አለፈች፣ እናቴ አልጋ አጠገብም ሄዳ ቁጭ አለች። ምነው ልጄ ስላት ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ የእርስዎን መመሪያ ገጽ ሁለት አሳየችኝ፤ በዚያም «ተማሪው አስቀድሞ ይቀመጣል፤ ለግማሽ ሰዓት በእጁ ምንም ሳይዝ ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ምን ልርዳ ብሎ ይጠይቃል» ተብሎ በጉልህ ተጽፏል። እናቴ አንዴ መናገር ከጀመረች በግማሽ ሰዓት የምታቆም ሰው ስላልሆነች፣ በሃያ ማክሰኞ ውስጥ ያ «ከዚያ በኋላ» የሚባለው ነገር አንዴም ሳይደርስ ቀርቷል። መጋረጃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ለመመሪያዎ ጥበብ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛ፦ እናቴ ትስቃለች። ይህ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ ጋር ስትሆን የምትናገረው «ጨው አንሶታል»ና «ቀስ በይ አመመኝ» ብቻ የሆነች ሴት፣ በየማክሰኞው በኮምፖርሳቶው ማዶ እንደ ኮረዳ ስትንከተከት መስማት የአንድ ኮሌታ ስፌት ሦስት ጊዜ ያስፈታል። የልጅቷን ስም እንኳ አልጠራችውም፤ «የማክሰኞዋ» ነው የምትላት። ሰኞ ማታ ጸጉሯን አበጥሪልኝ ትላለች፣ ማክሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ሻሽ አምጪልኝ ትላለች፣ ከዚያም ከሻሹ በታች በእኔ ላይ ዓይኗን እያፈጠጠች «ፍጠኚ እንጂ፣ ልጅቷ በር ላይ ልትደርስ ነው» ትለኛለች። ሰማያዊውን ሻሽ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ብላ አንድ ቀን አስራው አታውቅም።

ሦስተኛ፦ ከሁሉ የከፋው ግን ፊርማው ነው። ልጅቷ ሁለት ሰዓቷን ስትጨርስ ቅጹን በሁለት እጇ ይዛ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ትቆማለች፤ እኔም እናቴ ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ደስ ብሏት እንደዋለች በራሴ እጅ አረጋግጬ እፈርማለሁ። «ተማሪዋ በትዕግሥት አዳምጣለች ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ማክሰኞ፣ ሳቃቸው የበዛበት ቀን፣ «መካከለኛ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጌ ነበር። ልጅቷ አየችው፣ አመስግናኝም ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ራሴን ስለጠላሁት በሁሉም ሳጥን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ሞላሁ። ኮርስዎ ለተማሪዎች ሥነ ምግባር ያስተምራል መባሉ እውነት ነው፤ ለልብስ ሰፊዎችም ሳይፈልጉት ያስተምራል።

አራተኛውን ቁጥር ሳልሰጠው ብነግርዎ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አቤቱታ ይሁን ሌላ ነገር እኔም አላወቅኩትም። ኮርሱ ሲያበቃ የትምህርት ክፍልዎ ጸሐፊ የልጅቷን ሪፖርት «ለአስተያየት» ብላ ላከችልኝ። እናትና አባቴ እንዴት እንደተዋወቁ ያነበብኩት እዚያ ሪፖርት ገጽ ሰባት ላይ ነው። አባቴ የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ሳለ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስልክ አንስቶ ከሌለ ቁጥር ጋር እንድታገናኘው እናቴን ይጠይቃል፤ እናቴም «ይጠብቁ ጌታዬ፣ እየሞከርኩ ነው» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ እንደሌለ ገብቷታል፤ ግን ለአራት ወር ያህል በየቀኑ ይጠብቁ ስትለው፣ እሱም በየቀኑ ሲጠብቅ ቆዩ። አባቴን ከቀበርነው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህን ታሪክ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፣ ክቡር ሆይ፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ልጅቷ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ፣ «ይህንን ለልጅዎ ለምን አልነገሯትም?» ብላ ጠይቃለች። እናቴ የመለሰችውን ቃል በቃል ጽፋዋለች፦ «እሷማ መስመሯ ሁልጊዜ የተያዘ ነው። ስትገባ አንድም ሳህን፣ አንድም ፎጣ፣ አንድም ኪኒን ይዛ ነው። እጇን ባዶ አድርጋ የገባች ቀን እነግራታለሁ ብዬ ስጠብቅ ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

ለዚህች አንቀጽ ክፍልዎ ለልጅቷ ከፍተኛውን ውጤት እንደሰጣት ሰምቻለሁ። ይገባታል፤ ቅናቴም እንደዚያው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኮርሱ ካበቃ ሦስት ማክሰኞ አልፏል። እናቴ ሦስቱንም ማክሰኞ ሻሿን አስራ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች፤ ወደ ማታ ላይ ሻሹን ራሷ ፈታች፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ጨው አንሶታል ማለቱንም ትታዋለች። ልጅቷን እንዲመልሱልኝ ልለምንዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሴሚስተር ሌላ ሰፈር፣ ሌላ አልጋ አጠገብ እንደተመደበች ጸሐፊዋ ነግራኛለች፤ እዚያም በኮምፖርሳቶ ማዶ የምትቃጠል ሴት አትጠፋም። ስለሆነም የምለምንዎ እኔን ራሴን በኮርሱ እንዲመዘግቡኝ ነው። ዲግሪውን አልፈልግም፣ ምስክር ወረቀቱም ይቅርብኝ። የምፈልገው አርባ ሰዓት በእጄ ምንም ሳልይዝ እንድቀመጥ የሚያዝ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ያለ ማኅተም መቀመጥን እጄ እምቢ ብሎኛል።

ከማይገባኝ ትሕትና፣ ከሚገባኝ ቅናትና ስለ እናቴ ሳቅ ልከፍለው ከማልችለው ምስጋና ጋር፣ መልስዎን ከስፌት መኪናዬ ኋላ በአክብሮት የምጠባበቅ፣

የሰባቱም ቀን ልጅ

ተጨማሪ፦ ምዝገባውን ሳልጠብቅ ትናንት ማክሰኞ በመመሪያዎ ገጽ ሁለት መሠረት ሞክሬ ነበር። የስፌት መኪናውን አቆምኩ፣ መርፌ እንዳይወጋኝ የማጠልቀውን የጣት ቆብ አወለቅኩ፣ በባዶ እጄ ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቴ እጆቼን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያም ደረቷን ይዛ «ማን ሞተ? ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ» አለችኝ። መመሪያዎ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው መልስ ስለሌለ፣ ማንም እንዳልሞተ እስካሳምናት የፈጀብኝን ሃያ ደቂቃ ከአርባው ሰዓቴ ላይ እንዲይዙልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።