ሁዜይፋ ከዋለ ጎን ተቀመጠ

ፈርሂያዬ፣ ልጅሽ ወደ ክፍሉ ተመለሰ! አልተባረረም፣ በባሕርም አልሄደም፤ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዞ በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ሰላምታውን ሳልሰጥሽ ዘለልኩ፣ አፉ በይኝ።

አሁን በደንብ ልጀምር። አሰላሙ ዓለይኩም፣ እህት ዓለሜ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጅዳው ሙቀትስ? እመቤትሽስ ዘንድሮ እንቅልፍ ትሰጥሻለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማዬም እግሬን ከማለት በቀር ደህና ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ በሰው አገር ሰው ቤት ሆነሽ ስትሰሚ ምን ትሆኚብኛለሽ ብዬ ነው። ፋጢማ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነገሩ የሆነው በረመዳን ነው። ለክርስቲያኑም ሁዳዴ ስለነበር ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ቁጡ። ልጅሽ ሁዜይፋና የጎረቤታችን የበላይ ልጅ ዋለ፣ እነዚያ አብረው ያደጉት፣ ከክፍል ሲወጡ ተጣሉ። ሁዜይፋ ድንጋይ ወረወረ፤ ዋለን ዓይኑ ላይ አገኘው። ልጁን ወደ ደሴ ይዘውት ሄዱ። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ዓይኑ ይጠፋል አሉ። የበላይ ወንድም ከወግዲ መሣሪያውን ይዞ እየመጣ ነው አሉ። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ይባረራል አሉ። በር ሲንኳኳ እማዬን ነበር የምልክ፣ አሮጊት አይመቱም ብዬ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የልጅሽ ነገር። ከተባረርኩ እዚህ ምን አለኝ፣ በጅቡቲ አድርጌ በባሕር እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ ይለኝ ጀመር። የምሩን ነው ለካ! ደሴ ሊሄድ ከተሳፈረበት አውቶቡስ ላይ አስወርደው ያመጡልኝ አስታራቂው አበጋር ሼህ ሙሐሲን ናቸው፤ እሳቸው ለሽምግልና ሲሄዱ መናኸሪያው ውስጥ ባያዩት ኖሮ ዛሬ ምን እጽፍልሽ ነበር፣ ያረቢ! ከዚያ ወዲያ ጫማውን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛ።

መምህርት የኔአለም የምትባል አለች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከአፏ የማይወጣ። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ በእሷ በኩል የጀመረው ነገር አለ። የበደለና የተበደለ ከነቤተሰቡ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ የጥቁር ሰሌዳውን ዳስተር የያዘ ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ማን ምን ተጎዳ፣ በምንስ ይጠገናል ተብሎ ነው የሚጠየቅ። የመባረሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይወሰናል ብላ አስጠራችን።

እኔ ደግሞ ሽምግልና ነው ብዬ ሼህ ሙሐሲንን አስቀድሜ፣ ልጁንም እንደ ወጋችን ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አሸክሜ አጎንብሶ እንዲገባ አደረግሁ። የመታው በድንጋይ መሆኑን ረስቼው! ዋለ ገና ሲያየው ጮኾ፣ በፋሻ የታሰረ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ እናቱ ጀርባ ገባ። በላይ ብድግ አለ። እኔ አለቀልን ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ። መምህርቷ ግን ቀስ ብላ ድንጋዩን ተቀበለችውና ከበር ውጭ አስቀመጠችው። ሼህ ሙሐሲንም ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ ሴት፣ በመታው ነገር ልታስታርቂው ነው? አሉኝ።

ዳስተሩ መጀመሪያ ለዋለ ተሰጠ። ከዓይኔ ይልቅ ያመመኝ ደሜን እያየ ጥሎኝ መሮጡ ነው አለ። ሁዜይፋ ተቀብሎ፣ የሞትክ መስሎኝ ነው፣ ፈርቼ ነው አለው። ከዚያ ለምን እንደወረወረ ተናገረ። ዋለ፣ እናትህ ጥላህ ሄዳለች፣ አትመለስም ብሎት ኖሯል። ዋለም አንገቱን ደፍቶ፣ አዎ ብያለሁ አለ። እናቱ አበቡ ይህን አልሰማችም ነበር። ዳስተሩን ነጥቃ፣ ያቺ ሴት ለማን ብላ ነው የሰው ቤት የምታጥብ፣ የእኔስ እህት ቤይሩት አይደለችም ወይ ብላ አለቀሰች። አይዞሽ እህቴ፣ ስምሽ በክብር ነው የተነሣ።

ዳስተሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ ታውቂኝ የለ? ሼህ ሙሐሲን ለመምህርቷ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር እሷ እጅ ከገባ እስከ ዒሻ ሶላት አይወጣም ቢሏት ቤቱ በሳቅ ሞላ። በላይ ግን አልሳቀም። ዳስተሩ ሲደርሰው ቃል ሳይተነፍስ አስተላለፈው።

የዋለ ዓይን አልጠፋም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ብቻ ሐኪሙ ለጊዜው ንባብ ከልክሎታል። ስለዚህ ሁዜይፋ ከጎኑ እየተቀመጠ ከሰሌዳው ይገለብጥለታል፣ ከትምህርት በኋላም ቤቱ ሄዶ ያነብለታል። ዋለም ስላንቺ የተናገረውን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀበት። በዚህ መባረሩ ቀረ። ልጅሽ እነ በላይ ቤት ገብቶ ሲያነብ ግን እኔ አጥር ሥር ቆሜ ነው የምጠብቀው። የሰውዬው ዝምታ አስፈራኝ።

ትናንት ከመግሪብ በፊት ራሱ በላይ ዱላውን ይዞ ደጃችን ቆመ። ሁዜይፋን ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩበት፣ ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ። ሰላም አለኝ። ከዚያ፣ ዋለ ያለ ሁዜይፋ እራት አልበላም እያለ አስቸገረኝ አለ። ቀጠለና፣ ለእርቁ ድግስ አንዱን በግ ለእናንተ አቆይቻለሁ፣ አራጃችሁ እኔ ግቢ መጥቶ ይረድ፣ እኛም የራሳችንን እናርዳለን፤ ወንድሜም ከወግዲ ይመጣል፣ ሊበላ ነው አለኝ። አፌ ተያዘ፤ የእኔ አፍ! ከጓዳ ልጅሽ በሩን ይደበድባል፣ ክፈችልኝ ይላል።

አሁንም ልቤ አልረጋም፤ ወሬኛ መሃላቸው እንዳይገባ ዱዓ አድርጊ። እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። አበቡ፣ ልጇ ስለተናገረው እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ በይልኝ ብላለች። ሁዜይፋ የሚልሽን ራሱ ይንገርሽ ብዬ ትቼዋለሁ። ፋጢማን ስለ እኔ ሳሚያት፤ አብራሽ የምትኖረውን ስመኝንም እንዴት ነሽ በይልኝ፣ አጅባር ያሉ ወንድሞቿን ለድግሱ ትላክልን። አንቺም ፈቃድ ከሰጡሽ ነይ፤ ካልሰጡሽ ስልክሽን ከፍተሽ ጠብቂኝ፣ በሁለቱ ልጆች መሃል አስቀምጥሻለሁ። ግንቦት 17፣ እሑድ፣ እነ በላይ ግቢ፤ ማንም እንዳይቀር!

እህትሽ ኡምኩልሱም
መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.