ያለ እናቱ ይኖራል?

ኅዳር 7 ቀን 1970
ደብረ ብርሃን በብርድ ደርቃለች። ጠዋት ክትባት፣ ከሰዓት ቁስል ማጠብ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ። አመሻሽ ላይ የእስር ቤቱ ዘበኛ መጣ። «ሲስተር፣ አንዷን ምጥ ይዟታል።»

ኅዳር 8
ወለደች። መሊካ ትባላለች፤ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ። ወንድምሽን ረሺድን የት ደበቅሽው ብለው ነው ያሰሯት። ውስጥ እግሯ በግርፋት ተልጧል። ልጁ ወንድ ነው፤ ያለ ጊዜው የመጣ፣ እፍኝ የማይሞላ።

መርማሪው ገብረ ጻድቅ በር ላይ ጠበቀኝ። «ልጁ ያለ እናቱ ይኖራል?»

ገባኝ። ልጁ ያለ እሷ መኖር ሲችል እርምጃ ሊወስዱባት ነው። እኛም ትምህርት ቤት ይህንኑ እንጠይቅ ነበር... ከማህፀን ወጥቶ መኖር ይችላል ወይ? ከቻለ ታገሉለት ነበር የተባልነው። እዚህ ጥያቄው ለመግደያ ሆነ።

«ያለ ጡቷ አይኖርም» አልኩት።

«በየሐሙሱ እየመጣሽ ትነግሪኛለሽ።»

ኅዳር 15
ለገብረ ጻድቅ «አይኖርም» አልኩት። ተሳድቦ ሄደ። መሊካ ለምን እንዲህ እንደምል ነገርኳት። እጄን ሳመችኝ።

ኅዳር 22
«አይኖርም» ስለው መሊካን ዘቅዝቆ ሰቀላት። ደረቷን በጫማው ረገጠ። ረሺድን ግን አሳልፋ አልሰጠችም። ብችል በጥርሴ እዘነጥለው ነበር።

ኅዳር 26
ወተቷ ደረቀ። ልጁ ሲስብ ደም ይወጣል።

ኅዳር 29
ከገብረ ጻድቅ ጋር ገባን። ልጁ ወለተሐና ጡት ላይ ጠግቦ ተኝቷል። የመርጌታ ሚስት ናት፤ ከነልጇ የታሰረች። ሲያለቅስ አላስችላት ብሎ... ምን ታውቃለች? እኔስ ምን ነበር ቀደም ብዬ ብነግራት?

«ይኸው ይኖራል» አለ።

«አንዴ ቢጠባ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«እስከ ሐሙስ ዘበኛ ያያል። ከጠባ አለቀ።»

ታኅሣሥ 1
ወለተሐና ነገሩን ስትሰማ የገዛ ጡቷን በጥፊ መታችው። «ሬት አምጪልኝ» አለች። ጡት ማስጣያው ሬት። ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸሽጌ አስገባሁላት። ተቀባች። የመሊካ ልጅ ቀምሶ ጮኸ። የራሷ ልጅ እንኳ ጡቷን ትቶ እንጀራ መብላት ጀምሯል።

ታኅሣሥ 4
የመሊካ ልጅ ድምፁ ጠፋ። ዓይኑ ጎደጎደ። ዘበኛው ዘወር ሲል ስኳር ውሃ በጥጥ አንጠባጥብለታለሁ። አይበቃውም። እናቱን ላድን ብዬ እሱን እየገደልኩት ነው?

ታኅሣሥ 6
ገብረ ጻድቅ «አጥቢው» አለ። ወለተሐና ጡቷን አወጣች። ልጁ ፊቱን አዞረ። አይኖርም ልል አፌን ስከፍት መሊካ እየዳኸች መጣች። የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ ሬቱን ከወለተሐና ጡት ላይ ጠረገችው። ወለተሐና እጇን ያዘቻት።

«ተይኝ እህቴ። እየሞተብኝ ነው።»

ልጇን ወለተሐና ጡት ላይ አስጠጋችው። ሳበ... ሲውጥ ሁላችንም ሰማን።

«ከዛሬ ጀምሮ ያንቺም ልጅ ነው። አላህ ይመስክር» አለቻት። ከዚያ ወደ ገብረ ጻድቅ ዞረች። «ይኖራል» አለችው።

በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት። ከግቢው ጀርባ ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ልጁ መጥባቱን አላቆመም።

ታኅሣሥ 13
ሌላ ነፍሰ ጡር አስገብተዋል። ገብረ ጻድቅ አስጠራኝ። «የዚችኛዋስ መቼ ነው ያለ እናቱ የሚኖረው?»

«ያለ እናት የኖረ ልጅ አላየሁም» አልኩት።

በሽጉጡ እጀታ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርሴ ወለቀ። እንደገና ጠየቀኝ። ደሜን ተፍቼ ያንኑ አልኩት።